አንድ ወንጭፍ የሚሰፋ ወንዝ

ወንጭፍ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ላስረዳ። ሁለት ገመዶች ናቸው፤ በመሐላቸው መዳፍ የምታህል ቆዳ አለች። የአንደኛው ገመድ ጫፍ እንደ ቀለበት ስለተቋጠረ ጣት ላይ ይጠለቃል፤ የሌላኛው ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይያዛል። ድንጋዩን ቆዳዋ ላይ አስቀምጠህ ከራስህ በላይ ታሽከረክራለህ። ሰዓቱ ሲደርስ በጣትህ የያዝከውን ጫፍ ትለቃለህ። ድንጋዩ ይሄዳል፣ ወንጭፉ ጣትህ ላይ ይቀራል። በቃ ይኸው ነው።

የሰፈራችን ልጆች ባላ እንጨት ላይ ላስቲክ አስረው ጠጠር የሚተኩሱበትንም ወንጭፍ ይሉት ነበር። አባቴ አይቀበልም። «እሱ ላስቲክ ነው» ይላል፤ ልጆቹ ቢቆጡም ግድ የለውም። አንድ ቀን ሬድዮው ስለ ሮኬት ማስወንጨፊያ ሲያወራ ሰማና ተነስቶ ድምፁን ቀነሰው።

«የሚሽከረከር ነገር የለው፣ የሚለቅ ጣት የለው፣ ምኑን ነው የሚያስወነጭፈው?»

«ቁልፍ ተጭነው ነው አሉ» አለች እናቴ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ቁልፍ መጫን ደግሞ ሥራ ሆነና?»

አባቴ የስልክ ሽቦ ከሚዘረጉት ሠራተኞች ጋር ነበር የሚሠራው። ሽቦ ገደል ወይም ወንዝ መሻገር ሲኖርበት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እንቁላል የሚያህል ድንጋይ በቆዳ ይጠቀለልና ቀጭን ክር ይታሰርበታል። አባቴ ድንጋዩን ማዶ ይወነጭፈዋል፤ ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። ማዶ ያለው ሰው ክሩን ሲስብ ከክሩ ጫፍ ላይ የታሰረው ሲባጎ ይመጣል፤ ከሲባጎው ኋላ ገመዱ፣ ከገመዱ ኋላ ሽቦው። በክረምት ሞልቶ ሰው የሚበላ ወንዝ ላይ የሁለት መንደር ወሬ የሚያልፍበት ሽቦ፣ መጀመሪያው የእናቴ መስፊያ ክር ነበር ማለት ነው። ክሩ እንዳይተበተብ ሰፊ ሳፋ ውስጥ እየጠቀለለች የምታስተኛውም እሷ ነበረች። ልብስ የምናጥብበት ሳፋ ከቤት ሲጠፋ አባቴ ወንዝ ሄዷል ማለት ነው።

ሠራተኞቹ ስፋትን የሚለኩት በወንጭፍ ነበር። «ስንት ነው ገደሉ?» ሲባል «አንድ ወንጭፍ» ከተባለ ይሞከራል። «ወንጭፍ ተኩል» ከተባለ ዕቃው ይጫንና ድልድይ ፍለጋ ይኬዳል። ይሄ አነጋገር እኛ ቤት ገብቶ ቀረ። እናቴ ክብሪት ስትልከኝ «ሱቁ ግማሽ ወንጭፍ ነው፣ ምን ያንቀረፍፍሻል» ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ቤታችን ከዚህ ሁለት ወንጭፍ ይርቃል ብዬ ክፍሉን ያሳቅሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ እነዚህ ነገሮች በየተራ ይመጡብኛል። መጻፍ ማንም አላስተማረኝም። ሐዘን ላይ ስቀመጥ እጄ ሥራ አጣ፣ ያን ጊዜ ጀመርኩ።

አባቴ ከስልክ እንጨት ላይ የወደቀው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ሊጠግነው የወጣው እንጨት ላይ የመወጣጫው ብረት ከዳው። ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቱ ይገጥማል፣ ክንዱ ግን ከእንግዲህ ከጆሮው በላይ አይነሳም አለ። አባቴ ክንዱን በእናቴ ሻርፕ ካንገቱ ላይ አስሮ ቤት ገባና አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ ሲቀርብለት «ቆይ» ይላል፤ ሲቆይ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ጺሙ አደገ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ወጥቼ ስለ ወንጭፍ ስጠይቀው «እናትሽን ጠይቂ» ይለኛል። እናቴ ስለ ወንጭፍ ምን ታውቃለች ብዬ አዝንለት ነበር።

በዚያ ሰሞን ካቦው በየቀኑ ወደ ማታ ይመጣ ጀመር። ካቦው የሠራተኞቹ አለቃ ነው፤ በራችን ስለማይበቃው ጎንበስ ብሎ፣ ሆዱን አስቀድሞ ነው የሚገባው። አንገቱ ላይ ፊሽካ አለ፣ እግሩ ላይ የላስቲክ ቦቲ አለ፣ እጁ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ብርቱካን። እንደፈራሁት ዓይነት ሰው አልነበረም። ከቤት ሊያስወጣን የሚመጣ፣ ብርቱካኑንም አፋችንን ለማዘጋት የሚያመጣ መስሎኝ አንዲት ፍሬ ሳልቀምስ ቀረሁ። የልጅ ነገር። ሰውየው የሚመጣው አባቴ ብርቱካን ከሆነ አንድ ሁለት ፍሬ እንደሚበላ ስለተነገረው ነበር።

አንድ ቀን ከስፌት መኪናዋ ሥር፣ እግር መርገጫው ላይ ተጣጥፌ ተቀምጬ ንግግራቸውን ሰማሁ። እናቴ ወንበር ሰጥታው ቆማለች።

«የወንዙ ሽቦ ተበጥሷል» አለ ካቦው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማዶ ያለው ክሊኒክ ስልክ የለውም። ዋናው ቢሮ ሌላ ወንጫፊ እንላክ እያለ ነው።»

«ሌላ ሰው ከመጣ ቤቱስ?»

«ቤቱ የሥራው ነው፣ እህቴ። ያውቃል እሱም። ውሃው እስኪጎድል ድረስ እያመካኘሁ አቆያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አልችልም።»

እናቴ ወደ አልጋው አየች። ከዚያ አልጋው ጋ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ እወነጭፈዋለሁ» አለች።

ካቦው አፉ ውስጥ የነበረውን ብርቱካን ዋጠ።

«አንቺ?»

«እሱ ያስተምረኛል።»

ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ያሳለ መሰለኝ። አባቴ እየሳቀ ነበር፤ ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ። ፊቱን ሳያዞር «ካቦ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ምላሷን የምታወጣ ናት» አለ።

«አስተምረኛ ታዲያ።»

«የታመመ ሰው ተይው።»

«የታመመው ትከሻህ ነው። አፍህን ምንም አላየሁበት። ለማስተማር አፍ ይበቃል።»

ካቦውና እናቴ ተያዩ። እናቴ እየለመነችው መሰለኝና ሆድ ባሰኝ። ካቦው ለረጅም ጊዜ የላስቲክ ቦቲውን ሲያይ ቆየና «እስቲ ይሞከር» ብሎ ተነሳ፤ ሲወጣ ጭንቅላቱ ከበሩ ጋር ተጋጨ።

ትምህርቱ የተጀመረው ጡብ ከሚቃጠልበት ግቢ በስተኋላ ነው። ረጅም ግንብ አለ፤ ግንቡ ላይ አባቴ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አሰቀለ። እሱ የጡብ ክምር ላይ ይቀመጣል፣ እናቴ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ እኔ ከአባቴ አጠገብ እግሬን እያወዛወዝኩ አያለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ነገር አሳፈረኝ። እናቴ ቀለበቱን ሌባ ጣቷ ላይ አጠለቀችው።

«መሐል ጣት» አለ አባቴ። «መሐል ጣት ያልኩሽ እኮ አሁን ነው።»

«እንዴ፣ ይሄ ነው መሐሉ?»

«ስንት ጣት ነው ያለሽ አንቺ ሴትዮ?»

ወነጨፈች። እኔ የቆርቆሮውን ጩኸት ስጠብቅ ድንጋዩ ግንቡ ላይ ጥፍ አለ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና። ጥፍ። «ክርንሽ ነው» አለ። «ክርንሽ ወርዷል።» በአፉ ሊያስረዳት ሞከረ፣ አልገባትም። በግራ እጁ አየር ላይ አሳያት፣ አልገባትም። በመጨረሻ እየተነጫነጨ ከጡቡ ላይ ተነሳ፤ እሷ ጋ ሄዶ ክርኗን በግራ እጁ ይዞ ቀና አደረገውና ተመልሶ ተቀመጠ። ወነጨፈች። ጥፍ። ተነሳ፣ ሄደ፣ ክርኗን ቀና አደረገ፣ ተመለሰ።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ጡብ የሚያቃጥሉት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያቆሙ ፊታቸውን ሳይታጠቡ መጥተው ይቀመጡ ጀመር። አንዱ «ይሄ ቆርቆሮ ዕድሜው ረጅም ነው» ይላል። ሌላው «ግንቡን ለማፍረስ ከሆነ ለእኛም ይነገረን» ይላል። ከስልክ ሠራተኞቹ መሐል ቀጭኔ የምንለው አንገተ ረጅም ወጣት አለ፤ ያለ መወጣጫ ብረት እንጨት ይወጣል ይሉት ነበር። እሱ ሳይቀር «እትዬ፣ ቆርቆሮው ሥር ልቁምልዎት? ሰው መምታት አልፈልግም ሲሉ ድንገት እጅዎ ይከዳዎትና ቆርቆሮውን ይመቱት ይሆናል» አላት።

«ቁምልኝ እስቲ» አለች እናቴ። «አንገትህ ግን ከቆርቆሮው በላይ ይወጣል።»

ሁሉም ሳቁ፤ አባቴም ጭምር። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ። አባቴ ፊቱን ያልታጠበ ሰው ሁሉ ሲስቅበት ተቀምጦ ማየቱ፣ አንዱን ነገር እየደጋገመ መናገሩ፣ ተነስቶ ተቀምጦ መድከሙ፣ ለእኔ ውርደት ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ከቀጭኔ ጋር ፊት ፊት እየሄደ በግራ እጁ ስለ መልቀቂያ ሰዓት ያስረዳዋል፤ እኔና እናቴ ከኋላ ነን።

«እማ፣ ተይው በቃ። ሰው ይስቃል።»

«ይሳቅ። ሳቅ ምን ያደርጋል?»

«ለምንድነው ግን የማትመቺው?»

«እየተማርኩ ነዋ።»

«መቼ ነው የምታውቂው?»

እናቴ ቀና ብላ ወደ ፊት አየች። «ትንሽ ይቆይ» አለች። «ገና ነው።»

ስለ ራሷ ያወራች መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር፤ እኔ ግን ከቆርቆሮው ጋር አላያያዝኩትም። አባቴ ምግቡን ሲቀርብ ይበላል፤ እየበላ ይቆጣል። «ነገ አቋቋምሽን እንለውጣለን» ይላል፣ አፉ ሞልቶ። በከሰል ግድግዳው ላይ ድንጋዩ የሚሄድበትን መስመር ሳለ፤ እናቴ ግድግዳው ቆሸሸ አላለችም። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ በግራ እጁ ጺሙን ሲላጭ አገኘሁት፤ ጉንጩን ሦስት ቦታ ቆርጦ፣ በአፉ እያፏጨ። ሐኪሙ የሰጠው ክኒን ያዳነው መስሎኝ ብልቃጡን አክብሬ መደርደሪያው ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ካቦው ብርቱካን ማምጣት አቆመ። ሲመጣ አባቴ አልጋ ላይ ስለማይኖር ጡብ ማቃጠያው ድረስ ይመጣና ከኋላ ቆሞ ያያል። አንድ ድንጋይ በሳተ ቁጥር ለዋናው ቢሮ የሚሰልለን መስሎኝ ፊቴን ከእሱ አዞራለሁ። እሱ ያኔ የሚያየው አባቴን ነበር።

ውሃው ጎደለ።

በማለዳ ወደ ወንዙ ወረድን። ቀጭኔ ገና ሳይነጋ በድልድዩ በኩል ዞሮ ሄዷል፤ ማዶ ዛፎቹ መሐል ሆኖ ሸሚዙን እያውለበለበ ይታየናል። ከወዲህ ካቦው፣ ሁለት ገመድ ያዦች፣ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ወንዙ ከታች ያጉረመርማል። ንፋስ ነበር፤ የእናቴን ቀሚስ እግሯ ላይ ይጠመጥመዋል። እሷ ተንበርክካ ክሩን ሳፋው ውስጥ እየጠቀለለች አስተኛችው። ጣቶቿ ስፌት ላይ እንዳለች ዓይነት አይቸኩሉም። ቆርቆሮውን እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልመታችውም ነበር። ዛሬ ድንጋዩ ወንዙ ውስጥ ከገባ ነገ ሌላ ወንጫፊ ይመጣል፤ እኛም ዕቃችንን እናወጣለን። ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን አቀፍኩ፣ ድንጋዩን ለማገዝ ይመስል።

«ስንት ነው ካቦ?» አለ አባቴ።

«አንድ ወንጭፍ ነው» አለ ካቦው። «ሙሉ።»

ከዚያ ካቦው ጎንበስ አለና ጀርባውን ሰጠን። «ቆይ ጫማዬን ልሰር» አለ። የድርጅቱ ሰው ላልሆነ ሰው የሥራ ዕቃ መንካት ክልክል መሆኑን ገመድ ያዦቹ በጠዋት ሲያንሾካሹኩ ሰምቼ ስለነበር በዕድላችን ተደሰትኩ፤ ፈጣሪ የካቦውን ጫማ በሰዓቱ ፈታልን አልኩ። ትልቅ ሰው ሆኜ አንድ ቀን ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ነው ድንገት ቀጥ ያልኩት። የላስቲክ ቦቲ ምን ማሰሪያ አለው?

እናቴ ቀለበቱን መሐል ጣቷ ላይ አጠለቀች። አባቴ ከኋላዋ በቀኝ በኩል ቆመ።

«እኔ ሳልል እንዳትለቂ።»

«እሺ።»

«ንፋሱ ይለፍ።»

«እሺ አልኩህ።»

ማሽከርከር ጀመረች። ወንጭፍ ሲሽከረከር የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ መጀመሪያ እንደ ሰው ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ እንደ ንብ። ክርኗ ቀጥ ብሎ ነበር። አባቴ ዓይኑን ከማዶው ዛፎች ላይ አላነሳም። ንፋሱ ቀሚሷን ለቀቀው።

«አሁን» አለ አባቴ።

ክሩ ከሳፋው ውስጥ እየዘለለ ወጣ። ድንጋዩ መጀመሪያ ታየኝ፣ ከዚያ ጠፋብኝ፤ ክሩ ብቻ ወንዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር በፀሐይ አበራ። ማዶ ቀጭኔ ከዛፎቹ ሥር ሮጦ ጎንበስ አለ። ሲነሳ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ እብድ ይዘላል። ድምፁ አይሰማም፤ ሲዘል ብቻ ይታያል።

ካቦው ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «ምን ተፈጠረ?»

«ክሩ ተሻገረ» አለ አንዱ ገመድ ያዥ።

«ማን ወነጨፈው?»

ገመድ ያዦቹ ሁለቱም በአገጫቸው ወደ አባቴ አመለከቱ። እናቴም ወንጭፉን ከጣቷ አውልቃ ቀስ ብላ ሰጠችው። ሊቀበልና ዝም ሊል ይችል ነበር። አባቴ ግን «እኔ አይደለሁም» አለ። «ተማሪዬ ናት።»

ካቦው ሳቁን ለመያዝ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ። «ቆርቆሮ መምታት ያቃታትን ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ወንዝ ካሻገርክ» አለ በኋላ፣ «እኔ አንተን ለማስተማሪያ ነው የምፈልግህ።» ለዋናው ቢሮም እንደዚያው ብሎ ነገራቸው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከየአካባቢው ወጣቶች እየተላኩ መጡ፤ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወንጭፍ ሲያስተምር ኖረ። ቤቱም የእኛው ሆኖ ቀረ። ያደግሁት እዚያ ነው።

ይህን ታሪክ አፌን ሞልቼ ስናገር ኖርኩ። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ለባሌ፣ ለልጆቼ። አባቴ እኮ አንድ ቆርቆሮ መምታት የማትችል ሴት አስተምሮ ወንዝ አሻግሯታል እላለሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ከሆነ «አዎ፣ አባትሽ መምህር ነው» ትላለች፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። አንድም ቀን አላረመችኝም።

ከቀብሯ በኋላ ሐዘንተኛው በዝቶ ቤቱ ሲሞላ፣ ሰዉ ትንሽ እንዲጽናና ብዬ ይህንኑ ታሪክ አወራሁ። የእናቴ ታላቅ እህት ከገጠር መጥታ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ምንም አላመለጠውም።

«ማን ማንን ነው ያስተማረው?» አለችኝ።

«አባቴ እናቴን።»

«ምን?»

«ወንጭፍ።»

አክስቴ የራስ ልብሷን አፏ ላይ አደረገች። ልታለቅስ መስሎኝ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነበር፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ የእህቷ ሐዘን ላይ።

«ልጄ» አለችኝ ሳቋ ሲለቃት፣ «እናትሽ እኮ ወፍ ጠባቂ ነበረች። ከማሳው መሐል ማማ ላይ ነው ያደገችው። እህሉ ላይ ያረፈችን ወፍ እህሉን ሳትነካ በወንጭፍ ታነሳታለች። ወንዶቹ ከእሷ ጋር መወራረድ ትተው ነበር። አባትሽ ሊያያት የመጣ ጊዜ ወንጭፉን ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳያት፣ ‹ይሄ ደግሞ ምንድነው?› አለችው፤ አፏን ከፍታ። እኔ ልናገር ስል እግሬን ረገጠችኝ። ጥፍሬ ጠቁሮ ከረመ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችንም?»

«ማን ጠየቃት?»

ሰዉ በሌላ ወሬ ላይ ነበር። እኔ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ሌባ ጣቷ ላይ ያጠለቀችው ቀለበት፣ ‹እንዴ፣ ይሄ ነው መሐሉ?› ያለችው፣ እኔ ያፈርኩባቸው ድንጋዮች ሁሉ። አንድም አልሳተችም ማለት ነው። የምትመታው ቦታ ቆርቆሮው ስላልነበረ ነው። ብርጭቆውን አጥቤ፣ እንደገና አጥቤ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አጠብኩት።

ከዚያ ፍርሃት መጣብኝ። አባቴ ጓዳ ነው፤ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ሚስቱን ትናንት ቀብሯል። ዕድሜውን ሙሉ ያቆመችው ያቺ ቀን ናት፣ ከወደቀ በኋላ የተነሳባት። እሷ ቀድሞም ከእሱ የበለጠች ወንጫፊ እንደነበረች ቢሰማ ምን ይቀርለታል? አክስቴን ጥግ ይዤ «አደራሽን፣ ለአባቴ እንዳትነግሪው» አልኳት። «እኔ ምን አገባኝ» አለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ጋር ብቻዬን እንዳልቀመጥ ራሴን ሥራ ላይ ጠመድኩ። ፊቴ ላይ እንዳያነበኝ ነው።

ሐዘንተኛው ሲቀንስ ግን የምሸሸግበት ጠፋ። አንድ ከሰዓት ሻይ ይዤለት ስገባ የእናቴን መነጽር አድርጎ በግራ እጁ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ይታገላል። የሸሚዙ ቁልፍ ተነቅሏል።

«አምጣ አባዬ፣ እኔ ልስፋልህ።»

«ቁጭ በይ። ደርሻለሁ።»

ተቀመጥኩ። ክሩ አልፎ ሄደ። አሁንም አልፎ ሄደ።

«እህቷ ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ምንም አላለችኝ።»

«ይሄ ግድግዳ እኮ ስስ ነው። ለቅሶ ላይ የሳቀች ሴትዮ ተሰማችኝ።»

«የድሮ ነገር አንስተው ነው።»

«ስለ ወፎቹ ነገረችሽ?»

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። አባቴ ቀና ብሎ በእናቴ መነጽር አየኝ፤ ዓይኖቹ ትልልቅ ሆነው።

«ታውቃለህ?» አልኩት።

«ስለ ወፎቹ የሰማሁት ቆይቶ ነው። እሷን ግን ያወቅኋት እዚያው ጡብ ማቃጠያው ጋ ነው። መጀመሪያ ቀን አላወቅሁም፣ ሕመሙም ነበረብኝ። በማግሥቱ ገባኝ።» መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። «ልጄ፣ ስንቱን ወጣት አስተምሬያለሁ። ያልቻለ ሰው ሁሉም ቦታ ነው የሚስተው። አንዱን ሰማይ ይልከዋል፣ አንዱን እግሩ ሥር፣ አንዱን ወደ አስተማሪው። እናትሽ ግን ከቆርቆሮው በስተግራ አንድ ስንዝር። ዛሬ አንድ ስንዝር፣ ነገ አንድ ስንዝር። ንፋስ ሲነፍስ እንኳ አንድ ስንዝር። እንደዚያ አድርጎ የሚስት ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር መምታት ትጀምራለቻ። ከመታች ትምህርቱ አለቀ። ትምህርቱ ካለቀ እኔ ያኔ ወዴት እሄዳለሁ?»

የፈሰሰውን ሻይ በቀሚሴ ጠረግሁ። ክሩ በዚህ መሐል መርፌው ውስጥ ገባ፤ እሱ ግን አላስተዋለውም።

«እሷስ? እንዳወቅህባት ታውቅ ነበር?»

አባቴ መርፌውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሆስፒታል እያለች ነገርኳት» አለ። «ዓይኗን ጨፍና ነበር። የተኛች መስሎኝ እንጂ ባልነገርኳት። ‹አንቺ ሴትዮ፣ ያ አንድ ስንዝር ተነቅቶበታል› አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«ዓይኗን አልገለጠችም። ‹ስንት ጊዜ ነው መጥተህ ክርኔን ያቃናኸው?› አለችኝ። ‹ማን ቆጥሮት› አልኳት። ‹እኔ ቆጥሬዋለሁ› አለች።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ ለረጅም ጊዜ ጠረገው።

«ስንት እንደሆነ ሳትነግረኝ ሄደች» አለኝ።